የግዛት አበባና ሕጉ፦ በአሜሪካ ግዛቶች አርማ ሆነው ስለተመረጡ አበቦች ማወቅ የሚገቡ ነጥቦች

መስከረም ሲጠባ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለእንቁጣጣሽ ቢጫ አበባ መፈለጋቸው የተለመደ ነው። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት በዚያው ወቅት በየመንገዱ ዳርና በየሜዳው መሐሉ የጠቆረ፣ ቅጠሉ እንደ ወርቅ የሚያበራ አበባ ይታያል። አደይ አበባን ለሚያስታውስ ሰው ቀጥፎ ወደ ቤት መውሰድ ነውር የሌለበት ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ አበባ የግዛቱ ይፋዊ አርማ ከመሆኑም በላይ የሚበቅልበት መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። አበባውን መቁረጥ ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል የሚለው ጥያቄም ብዙዎች እንደሚገምቱት በአርማነቱ ብቻ አይመለስም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ የሚኖሩ ወይም ለጉብኝት፣ ለትምህርትና ለሥራ ወደዚያ የሚጓዙ ዜጎች የግዛት አበባ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተመረጠና ምን ዓይነት የሕግ ጥበቃ እንዳለው እንዲረዱ ማገዝ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የግዛት አበባ ማለት ምን ማለት ነው?

የግዛት አበባ ማለት አንድ ግዛት ከሰንደቅ ዓላማው፣ ከማኅተሙና ከመሳሰሉት ምልክቶቹ ጎን ለጎን መለያው እንዲሆን በሕግ ወይም በምክር ቤት ውሳኔ የሰየመው አበባ ነው። ከአሜሪካ 50 ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አበባ አላቸው። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ግዛት ባትሆንም የራሷ ይፋዊ አበባ አላት፤ እርሱም አሜሪካን ቢዩቲ የተባለው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። ለአገሪቱ በሙሉ ደግሞ በ1986 ጽጌረዳ ብሔራዊ የአበባ አርማ እንዲሆን ተወስኗል።

አንድ አበባ ለአንድ ግዛት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ኢሊኖይ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሮድ አይላንድና ዊስኮንሲን ቫዮሌት የተባለውን አበባ በጋራ አርማቸው አድርገውታል። አርማው ሁልጊዜ አበባ በሚለው ስም የሚጠራ ነገርም አይደለም፤ ሜይን በ1895 የመረጠችው የነጭ ጥድን ፍሬና ዘለላ ነው።

የአመራረጡ አጀማመር

የግዛት አበባን የመምረጥ ልማድ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። በ1893 በቺካጎ ከተማ ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን እያንዳንዱ ግዛት በአንድ አበባ እንዲወከልና አበቦቹ ተጣምረው የአገሪቱ የአበባ ጉንጉን እንዲሆኑ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ወደ ተግባር ለመለወጥ በየግዛቱ ቀድመው የተንቀሳቀሱት በአብዛኛው የሴቶች ማኅበራት ነበሩ።

በአገሪቱ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው የዋሽንግተን ግዛት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የግዛቲቱ ሴቶች በ1892 በየአካባቢው የድምፅ መስጫ ጣቢያ አቋቁመው ከስድስት አበቦች መካከል ምርጫ አካሄዱ። በመጨረሻ የተፎካከሩት ሮዶዴንድሮንና ክሎቨር ሲሆኑ ያሸነፈው ሮዶዴንድሮን ነው። በዚያ ጊዜ እነዚህ ሴቶች በመንግሥት ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። የግዛታቸውን አርማ ግን እነርሱ መረጡ፤ የግዛቱ ምክር ቤትም በ1959 አገር በቀሉን የሮዶዴንድሮን ዝርያ ለይቶ ይፋዊ አበባ አድርጎ ሰይሟል።

ስሕተትና እርማት

ምርጫዎቹ ሁሉ በጥናት ላይ የተመሠረቱ አልነበሩም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ ግዛት በ1893 አርማ ሆኖ የተመረጠው ሌዲ ስሊፐር የተባለ፣ ቅርጹ ጫማ የሚመስል የኦርኪድ ዓይነት ነበር። ነገር ግን በውሳኔው ላይ የተጻፈው ሳይንሳዊ ስም በሚኒሶታ ምድር የማይበቅል ዝርያ ስም ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱን ያስተዋሉት የአንድ የጥናት ማኅበር አባላት የሆኑ ሴቶች ሲሆኑ፣ በ1902 ውሳኔው ተስተካክሎ በግዛቱ በእርግጥ የሚበቅለው ነጭና ሐምራዊ ቀለም የተቀላቀለበት ዝርያ ቦታውን ያዘ።

በቴክሳስም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ1901 ስለ ግዛቱ አበባ ክርክር ሲነሣ አንዳንዶች የጥጥ ፍሬ፣ ሌሎች የቁልቋል አበባ እንዲሆን ጠይቀው ነበር። በመጨረሻ የጸደቀው ሰማያዊው ብሉቦኔት ነው። በሕጉ የተጠቀሰው ዝርያ ግን በአሸዋማ መሬት የሚበቅልና መልኩ ያን ያህል የማይጎላ በመሆኑ፣ ሕዝቡ የሚወደውና በየመንገዱ ዳር የሚታየው ደማቁ ዝርያ ከሕጉ ውጭ ሆኖ ቆየ። ክርክሩ 70 ዓመት ያህል ከዘለቀ በኋላ ምክር ቤቱ በ1971 ሁለቱንም ዝርያዎችና በግዛቱ የሚገኙ ሌሎች የብሉቦኔት ዓይነቶችን በሙሉ የግዛት አበባ ብሎ በመሰየም ጉዳዩን ዘጋው። ብሉቦኔት ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ ተክል አይደለም፤ በጎጃምና በሌሎች አካባቢዎች ከሚመረተው ከግብጦ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነውና።

አላባማ ደግሞ በ1927 ጎልደንሮድ የተባለውን በራሱ የሚበቅል ቢጫ አበባ ከመረጠች በኋላ በ1959 በካሜሊያ ተክታዋለች። ካሜሊያ ከእስያ የመጣና በየጓሮው የሚተከል አበባ ሲሆን ከሻይ ተክል ጋር ይዛመዳል። አገር በቀል አበባ በአርማነት እንዲወከል የሚፈልጉ ወገኖች ጥያቄ በመቀጠሉ፣ በ1999 ግዛቲቱ ከካሜሊያ በተጨማሪ ኦክ ሊፍ ሃይድሬንጃ የተባለውን አገር በቀል አበባ የግዛቱ የዱር አበባ አድርጋለች።

ከእነዚህ ታሪኮች መረዳት የሚቻለው አርማነት የክብር ስያሜ መሆኑን ነው። ስያሜው ሊታረም፣ ሊሰፋና ሊለወጥ ይችላል። ስያሜ ብቻውን ደግሞ አበባውን ከመቀጠፍ አያድነውም።

አርማ መሆንና በሕግ መጠበቅ የተለያዩ ናቸው

በአሜሪካ በሰፊው ከሚነገሩ የተሳሳቱ እምነቶች አንዱ የግዛትን አበባ መቁረጥ በየትኛውም ስፍራ ወንጀል ነው የሚለው ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ በሜዳ የበቀለ አበባ የማንም ስላልሆነ መቁረጡ አያስጠይቅም የሚለው አስተሳሰብም የዚያኑ ያህል የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው መልስ በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፤ አንደኛው አበባውን በስሙ ጠቅሶ የሚጠብቅ ልዩ ሕግ መኖር አለመኖሩ፣ ሁለተኛው አበባው የበቀለበት መሬት የማን መሆኑ ነው። የሚከተሉት አምስት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ።

በሚኒሶታ ሌዲ ስሊፐር ከ1925 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። አበባውን መቁረጥም ሆነ ተክሉን ከሥሩ መንቀል የተከለከለ ነው። ሕጉ የጠበቀበት ምክንያት ከተክሉ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ተክል የመጀመሪያ አበባውን ለማውጣት እስከ 16 ዓመት ሊወስድበት ይችላል፤ ሳይነካ ከቆየ ግን እስከ 50 ዓመት ይኖራል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ የተነቀለን ተክል ለመተካት የአንድ ሕፃን ዕድሜ ያህል ጊዜ ያስፈልጋል።

በኮሎራዶ በ1899 አርማ የሆነው ኮሎምባይን ከ1925 ጀምሮ ልዩ ሕግ ወጥቶለታል። በሕዝብ መሬት ላይ ተክሉን ቆፍሮ ማውጣት ወይም መንቀል ክልክል ነው፤ አበባውን፣ እምቡጡንና ዘንጉን መሰብሰብ ደግሞ በቀን ከ25 መብለጥ የለበትም። በግል መሬት ላይ የበቀለውን ለመቁረጥ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የኮሎራዶ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ መጠን ይወስናል።

በቴክሳስ ብሉቦኔትን በስሙ ጠቅሶ መቁረጥን የሚከለክል የግዛት ሕግ የለም። ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም። በግዛት ፓርኮች ውስጥ ዕፀዋትን መቁረጥ የተከለከለ ነው፤ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው መሬት መግባት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የመንግሥትን ንብረት ማበላሸትም ያስጠይቃል። ፎቶግራፍ ለመነሣት በአውራ ጎዳና ዳር መኪና ማቆም ከአበባው በፊት የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

በካሊፎርኒያ ከ1903 ጀምሮ የግዛቱ አርማ የሆነው ወርቃማው ፖፒም የራሱ ልዩ ክልከላ የለውም። ነገር ግን የግዛቱ የወንጀል ሕግ የራስ ባልሆነ መሬት ላይ የበቀለን ማንኛውንም ተክል ያለ ባለቤቱ የተፈረመ የጽሑፍ ፈቃድ መቁረጥን ወይም መንቀልን ይከለክላል። ቅጣቱም እስከ 1,000 ዶላር የገንዘብ መቀጮ፣ እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ጉዳት የሚደርሰው በመቁረጥ ብቻ አይደለም። በ2019 ሌክ ኤልሲኖር በተባለች ከተማ አጠገብ ኮረብታዎች በፖፒ በተሸፈኑ ጊዜ የጎረፈው ሕዝብ አበባውን እየረገጠ፣ መንገዱንም እየዘጋ በመምጣቱ ከተማዋ ስፍራውን ለጊዜው ለመዝጋት ተገድዳ ነበር።

አምስተኛው ምሳሌ ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። በየጸደዩ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚያያቸው የቼሪ ዛፎች በ1912 ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ የመጡ ሲሆን አበባቸው የከተማዋ ይፋዊ አበባ አይደለም። ቢሆንም ከእነዚህ ዛፎች አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ መስበር ክልክል ነው፤ ዛፎቹ የቆሙበት መሬት በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚተዳደር የፌዴራል መሬት ነውና። አርማ የሆነው አበባ በአንዱ ስፍራ ሳይከለከል፣ አርማ ያልሆነው በሌላው ስፍራ በጥብቅ ሊጠበቅ እንደሚችል ይህ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለሚኖሩ

በመግቢያው የተጠቀሰው የሜሪላንድ አበባ ብላክ አይድ ሱዛን ይባላል፤ ትርጉሙም ጥቁር ዓይኗ ሱዛን ማለት ነው። የግዛቱ አርማ የሆነው በ1918 ሲሆን፣ ጥቁርና ወርቃማ ቀለሙ በግዛቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ካሉት ቀለሞች ጋር ይስማማል። አበባው ዋና ወቅቱ በጋ በመሆኑ በየዓመቱ በግንቦት በባልቲሞር በሚታወቀው የፈረስ ውድድር ለአሸናፊው ፈረስ የሚለበሰው የአበባ ጥልፍ እርሱን በሚመስሉ ሌሎች አበቦች ሲሠራ ቆይቷል።

ብላክ አይድ ሱዛንና አደይ አበባ አንድ ዝርያ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው። ከአደይ አበባ ጋር ይበልጥ የሚቀራረቡ፣ የአንድ ወገን የሆኑ ቢጫ አበቦችም በምሥራቃዊ አሜሪካ እርጥበት ባለው መሬት ላይ በመስከረም አካባቢ ያብባሉ። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ የአገር ቤቱን የሚመስል አበባ ማግኘት ይቻላል። ከየት ይገኝ የሚለው ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በዲሲና በዙሪያው የሚገኙ ብዙ መናፈሻዎች በፌዴራል መንግሥት የሚተዳደሩ በመሆናቸው አበባ መቁረጥ አይፈቀድባቸውም። በወረዳና በከተማ መናፈሻዎችም የየራሳቸው ደንብ ይሠራል። ቨርጂኒያ በ1918 አርማዋ ያደረገችው ዶግውድ ደግሞ ዛፍ ስለሆነ አበባውን መቁረጥ ቅርንጫፍ መስበር ማለት ነው።

ለውጭ አገር ዜጎች ጉዳዩ ከገንዘብ መቀጮ ያለፈ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። የአሜሪካ የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ አመልካቹ በሕግ አስከባሪ አካል ተይዞ ወይም የጥፋት ማስታወቂያ ተሰጥቶት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። በመናፈሻ ውስጥ የተጻፈ ቀላል የሚመስል የቅጣት ወረቀት ይህን ጥያቄ በሚመልሱበት ጊዜ ሊነሣ የሚችል በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ሰው ሳይጥለው መያዝና ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።

ለጤና ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

አርማ የሆነ አበባ ሁሉ ለሰው ጤና የሚስማማ አይደለም። ከ1924 ጀምሮ የሳውዝ ካሮላይና አርማ የሆነው ቢጫው ጄሳሚን ከሥሩ እስከ አበባው መርዛማ ነው፤ ልጆች ማር ያለው አበባ መስሏቸው ሊመጡት ስለሚችሉ ወላጆች ሊያስጠነቅቋቸው ይገባል። የዋሽንግተንና የዌስት ቨርጂኒያ አርማ የሆነው ሮዶዴንድሮን፣ እንዲሁም የፔንሲልቬኒያና የኮነቲከት አርማ የሆነው ማውንቴን ሎረል ቅጠላቸውም አበባቸውም መርዝ አለው። ብሉቦኔት የግብጦ ዘመድ ቢሆንም ፍሬው መርዛማ ስለሆነ እንደ ግብጦ ዘፍዝፎ ወይም ቆልቶ ለመብላት መሞከር አይገባም።

ከመቁረጥ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

1. መሬቱ የማን ነው? የብሔራዊ ፓርክ፣ የግዛት ፓርክ፣ የከተማ መናፈሻ፣ የአውራ ጎዳና ዳርቻ ወይስ የግል ይዞታ መሆኑ በቅድሚያ ይረጋገጥ። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ አበባ መቁረጥ እንደተከለከለ መቁጠር ይገባል።

2. ባለቤቱ ፈቅዷል? በግል መሬት ላይ ለሚበቅል አበባ የባለቤቱ ፈቃድ አስፈላጊ ነው። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ፈቃዱ በጽሑፍ የተሰጠና የተፈረመበት መሆን አለበት።

3. አበባውን በስሙ የሚጠብቅ ልዩ ሕግ አለ? የሚኒሶታና የኮሎራዶ ምሳሌዎች እንደሚያሳዩት አንዳንድ ግዛቶች ልዩ ክልከላ ወይም የመጠን ገደብ አላቸው። ለዚህ ትክክለኛ መረጃ የሚሰጡት የየግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት ወይም የግብርና መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

4. ተክሉ ይተካል? ብሉቦኔት ከዓመት ዓመት የሚቀጥለው በዘሩ ነው፤ አበባው ተቆርጦ ወይም ተረግጦ ዘር ሳያፈራ ከቀረ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ስፍራ የሚያብበው ይቀንሳል። በሕግ ባይከለከልም እንኳ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

ያለ ሥጋት አበባውን ማግኘት

ብላክ አይድ ሱዛንን፣ ብሉቦኔትን፣ ኮሎምባይንንና ፖፒን የመሳሰሉ አበቦች ዘራቸው ወይም ችግኛቸው ከሕጋዊ መደብሮች ሊገዛ ይችላል። ግቢ ያለው ቤተሰብ ዘርቶ ከራሱ ጓሮ ቢቆርጥ ማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ግን በግቢው ውስጥ ከመትከሉ በፊት አከራዩን ማነጋገር ይኖርበታል። ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት የበዓል ዝግጅት በሚያደርጉበት ጊዜም አበባውን ከገበሬዎች ገበያና ከአበባ መሸጫ ቢገዙ ይመረጣል።

የአደይ አበባን ዘር ከአገር ቤት ይዘው ለመጓዝ የሚያስቡ ሰዎች ወደ አሜሪካ የሚገባ ማንኛውም ተክልና ዘር በመግቢያ ኬላ መገለጽ እንዳለበት ማወቅ ይገባቸዋል። ለመትከል የሚሆን ዘር ደግሞ የዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ሳይገለጽ በሻንጣ ውስጥ የተገኘ ዘር ከመወረሱም በላይ ተጓዡን ሊያስቀጣ ይችላል።

የሚኒሶታው ሌዲ ስሊፐር አርማ ከሆነ በኋላም ልዩ ሕግ ያስፈለገው የክብር ስሙ ብቻውን ስላልጠበቀው ነው። በመንገድ ዳር የታየ አበባ የማን መሬት ላይ እንዳለና ምን ሕግ እንደሚጠብቀው ቀድሞ የጠየቀ ሰው ራሱንና ቤተሰቡን ከቅጣት ያድናል፤ አበባውም በቀጣዩ ዓመት ለሚመጣው ዓይን ይቆያል።